ጠላት ሆኖ የተወነው

በሙስ ጆ ከተማ ዳር፣ ስንዴው ከታጨደ ኋላ፣
ባዶው የሳስካችዋን ሜዳ ነፋስ ብቻውን ሲበላ፣
ከቆርቆሮው ሃንጋር ገብተን፣ በሩን በድንጋይ ዘግተን፣
አንድ አውሮፕላን እንፍቃለን፣ ኔስቶርና እኔ ሆነን።

ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መሰላል አትውጣ ሲሉት
«መሰላሉ ይፍራ እንጂ» ይላል፣ ልጆቹ ሲቆጡት።
የእኔ ድርሻ መፋቅ ነው፣ የእሱ ድርሻ ማወቅ፣
ቀለም ከቀለም ሲላጥ፣ ዘመን ከዘመን ሲላቀቅ።

መጀመሪያ አረንጓዴ። ቀጥሎ ቀይ፣ ክብ ፀሐይ፣
እንደ ቁስል ቅርፊት ረግፋ ወለሉ ላይ ስትታይ፣
«ይኸውልህ» አለ ኔስቶር፣ «እዚህ ጋ ነው የሞተው።
ለካሜራ ሲነድ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሣ የከረመው።
ጠዋት ሦስት ጊዜ መትተውት፣
ከሰዓት ሌላ ቁጥር ጽፈውበት፣
እንደገና ገደሉት።»

ነገሩ እንዲህ ነው።
ፎርት ዊልያም ተወለደ፣ ከትልቁ ሐይቅ ዳር፣
ሃርቫርድ ማርክ አራት ተባለ፣ ከታላቆቹ ሊቆጠር።
ደቡብ ያለው ጎረቤት ቴክሳን ይለዋል፤ ባሕር ኃይሉ በሌላ ፊደል፤
ዘሩ አንድ፣ ስሙ ብዙ፣ እንደ ርስት ሲከፋፈል።
ማርክ ሁለት፣ ታላቅየው፣ በጦርነቱ ያስተማረ፣
ይሄኛው ኋላ የመጣ፣ ሰው ገድሎ የማያውቅ ነበረ።

«በምን ትለየዋለህ?» አልኩት።
«በጭስ ማውጫው። ረዥም ነው፣ ክንፉ ድረስ ይሄዳል፤
ያገሬ ብርድ ያስረዘመው። የአብራሪ ጉልበት ያሞቃል።»

ቢጫ ነበር ያኔ፣ እንደ ጫጩት የሚያባባ።
ኔስቶርን በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከደመና ሆድ ሲያስገባ
አስታወከው፣ አሳቀው፣ ደግሞም አንዴ አስለቀሰው፤
መሬት ሲነካ እንዴት እንደሚነካ ያስተማረው እሱ ነው።

ጄት መጣ፤ እሱ ጡረታ ወጣ። በኪሎ ተሸጠ ማለት ይቻላል።
ፊልም ሠሪዎች ገዙት፤ «ፊትህ ለጠላት ይመቻል»
ያሉት ይመስል፣ የክንፉን ጫፍ አድቦልቡለው፣
ጅራቱን ስበው አስረዝመው፣ መስታወቱን ቀይረው፣
የሌላ አገር ስም ሰጡት፣ የሌላ አገር ፀሐይ።
እውነተኞቹ ከባሕር ሥር ነበሩ፤ ማን ቀርቶ ሰማይ ላይ?

አንድ ቅዳሜ ማታ ኔስቶር፣ ሚስቱን ቬርናን አስከትሎ፣
ሬጃይና ሲኒማ ገባ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ጥሎ።
ጠላት ከደመና ወጣ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ።
ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፣ ቆርቆሮ እንደሚቀድ፤ ኔስቶር ደነገጠ፣
ብድግ አለ፦ «ይሄ እኮ ሃርቫርድ ነው! የኛው ነው!»
«ተቀመጥ አንተ ሰውዬ!» ቬርና ኮቱን ጎተተችው።
ፈንዲሻ አረፈበት ማጅራቱ ላይ።
ጀግናው ተኮሰ። ሰው አጨበጨበ።
መምህሩ እየነደደ ወረደ፣
ባሕር ገባ።

«መልክማ ይቀባል» ይላል ዛሬ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣
«ድምፅ ግን ከየት ይገዛል? ይመጣል የራሱን መዝዞ።»

ወደ ማታ ቢጫው ወጣ። እኔ ደስታዬ ጨምሮ
«ሰሙ ቀለጠ፣ ወርቁ ታየ!» አልኩ፣ እንደ ቅኔ ተማሪ ፎክሮ።
ኔስቶር ፈገግ እንኳ አላለም።
«ቢጫውም ቀለም ነው። ፋቅ።»

ፋቅሁ። ብረቱ ብልጭ አለ፣ ማንም ያልሆነ፣ የማንም።
የክንፉን ክዳን ከፍተን መብራት አስገባን፤ ውስጡን ማንም
ቀብቶት አያውቅም። በእርሳስ፣ በተጣደፈ እጅ፣ ጥጉ ላይ፦

*ስቴፋ። ዐርብ። ጣቴን መታሁት።*

ኔስቶር ረዥም ጊዜ አየው። መነጽሩን ጠርጎ አየው።
ምስማር መቺ መሆን አለባት፤ ማን እንደሆነች ማን ያውቀው?
ጠላትም ወዳጅም ሳይሆን፣ ሳይበር፣ ሳይማር፣ ሳይተውን፣
አንዲት ጣቷ የሚጠዘጥዛት ሴት ደግፋው ነበር ክንፉን።

ማክሰኞ የኮሚቴ ስብሰባ አለ፣ ስለ ቀለሙ።
ገሚሱ ቢጫ ይላል፤ ገሚሱ፣ «ቀዩን ነው ሰዎች የሚያልሙ፣
ትኬት የሚገዙለት።»
ኔስቶር ክዳኑን በአራት ብሎን መለሰው፣
እያንዳንዱን ቀስ ብሎ አጠበቀው፣
መብራቱን አጠፋ።

ስለ ስቴፋ ለማንም አልነገርንም።