ሳትጠግብ

ከሰል ከወጣበት፣ ከጥቁር ቁልል ሥር፣
ጤዛ ባረበበት በቤልጅግ ሜዳ ሣር፣
ዋርድ የሚሉት ሽማግሌ፣ ጆንያውን ጠቅልሎ፣
አስተማረኝ አንድ ነገር፣ «ሳትጠግብ አንሳው» ብሎ።

እኔ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ብሬም የአሥር ወር ውሻ፣
የሁለታችን እውቀት ተደምሮ አንድ ጉርሻ።
ጨርቁን ብጥልላት አሽትታ ተወችው፤
ያለፈውን ቢራቢሮ በዓይኗ ሸኘችው።
«ወኔ የላትም» አልኩት፣ ፊቴ ቀልቶ በእፍረት፤
ዋርድ ሳቀ። በሳቁ ውስጥ ሳል አለ፣ በሳሉ ውስጥ የሠላሳ ዓመት
የጉድጓድ አቧራ።
«ሆዷን አላልኩም፤ ጥርሷን አስርባት፣ አደራ።»

ጨርቁን በገመድ አሰረ፤ እንደ ቆሰለች ጥንቸል
በሣር ውስጥ ጎተተው፤ ስትቀርብ እልም፣ ስትርቅ ብቅ እንዲል።
አንዴ ነከሰችው። አንዴ ብቻ። አፏ ሲሞላ፣
ጆሮዋ ሲተኛ ወደ ኋላ፣
ነጥቆ ኪሱ ከተተና
«ይብቃ» አለ። «ወደ መኪና።»
ያን ሌሊት አልተኛችም፤
የጓዳውን በር ስትቧጥጥ አነጋች፤ እኔም አላሸለብኩም።

ጉጉት ብቻውን ግን ክብሪት ነው፤ ቦግ ይላል፣ ይከስማል፤
ትንፋሽ እንደ ዕቁብ ነው፣ በሳምንት በሳምንት ይጠራቀማል።
ዓመት ተኩል ጠበቅን፣ አጥንቷ እስኪጠና፤
ከዚያ በብስክሌት፣ በቦዩ ዳር ጎዳና፣
ሦስት ኪሎሜትር ሶምሶማ፤ በወሩ አምስት፤ ከዚያ ዘጠኝ፤
መዳፏን ዳስሼ፣ ምላሷን አይቼ፣ ቀድማ ጠጥታ እኔን ሲጠማኝ።
የቁልሉን ዳገት ጎማ እየጎተተች ስትወጣ፣
ጥቁር ጠጠር ከእግሯ ሥር እየተንሸራተተ ሲመጣ፣
ጫፉ ላይ የሚጠብቃት ያ ጨርቅ ነበር፤ ሦስት ንክሻ፤
አራተኛውን ስትለምን፣ መውረድ ነበር የኛ ድርሻ።

በነሐሴ ተሳሳትኩ።
ሰው ተሰብስቦ ያይ ነበር፤ እኔም ላሳይ ፈለግሁ፤
ስምንት ጊዜ፣ ዘጠኝ ጊዜ፣ በዚያ ሙቀት ላክኋት።
በአሥረኛው ተቀመጠች። ጨርቁን አየችው፣ እንደ ዕዳ፤
ፊቷን አዞረችና ተኛች፣ እንደ ባዳ።
ዋርድ አልተቆጣም። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ
«አሥራ አምስት ቀን ጨርቅ አታይም» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ከቶ።

በውድድሩ ቀን፣ ጥቅምት፣ ዝናብ እያካፋ፣
ብሬም ስትለቀቅ ገመዱ ከመዳፌ ቆዳዬን ይዞ ጠፋ፤
ሰባ ሜትር በረረች፤ ከሰውየው ወፍራም እጅጌ ላይ ተሰካች፤
እሱ ቢያሽከረክራት በአየር ላይ ዋኘች።
አራተኛ ወጣን። ይበቃል።
ዋርድን ፈለግሁት፤ ከአጥሩ ጋ ቆሞ ያስላል።

ያቺን አሮጌ ጨርቅ አውጥቶ እጄ ላይ አኖራት።
«ማክሰኞስ?» አልኩት። «ዱካ መከተሉን መቼ ልታሳየን? ገና ነን፣ ገና!»
«ይብቃ» አለ። «ወደ መኪና።»
ወደ ራሱ መኪና ሄደ።

ያን ሌሊት ከቤቴ የበር መቧጠጥ ተሰማ፤
ብሬም ግን ከእግሬ ሥር ተኝታለች፣ ለጥ ብላ፣ ደክማ።