የጎደለው መሀል

ሐይቁ ወደ ምሥራቅ ሸሽቷል፤
ወንዙም ስሙን ብቻ ትቷል።
ናፔዮክ ግን አለች፣ ከሸራው ጥላ ሥር፣
ድንጋይ ትገጥማለች፣ ስባሪ ከስባሪ ጋር።

መቶ አርባ ሦስት ናቸው፣
በቀጭን ብዕር ቁጥር ተጽፎባቸው፤
እንደ እህል በወንፊት ተነፍተው የወጡ፣
ከሁለት ሚሊዮን ዓመት እንቅልፍ የመጡ።
ሙጫው ጣቷን ከጣቷ ያጣብቃል፤
ንፋሱ ሸራውን ይወጥራል፣ ደግሞ ይለቃል።
አሸዋው ሻይዋ ውስጥ ይገባል፤
ትጠጣዋለች። ምን ይደረጋል?

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር አየች፤
ድንጋዩን አዙራ፣ ደግማ አዙራ ለየች።
የምቱ ጠባሳ፣ የስባሪው አወራረድ
በወዲያኛው በኩል ነው የሚሄድ።
መቺው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣
ግራ እጁን ነው ያነሳው ለዚያች ምት።

ናፔዮክ ሳቀች፣ ብቻዋን።
ሎድዋር ትምህርት ቤት፣ በዚሁ እጅ ስትይዝ እርሳሷን፣
መምህር አንጎሌይ በማስመሪያ ጠርዝ ይላት ነበር ጣቷን፤
"በሰው እጅ ያዢ!" እያለ።
ይኸው እንግዲህ፣ ሰው ሳይባል ገና ሰውየው፣
በዚያው በተነቀፈው እጁ ነው የመታው።

አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ፣ ሰባት ጊዜ የተመታ፣
አልሰነጠቅም ያለ፣ ጠርዙ የደቀቀ ቦታ።
ተናዶ ይሆናል። ወይ ርቦት።
ወይ ከጎኑ ቁጢጥ ብሎ የሚያይ ልጅ ነበረ፣
"እስቲ እኔ" ያለ፤
ቃል ገና ሳይፈጠር፣ እጁን ዘርግቶ የተናገረ።

ዛሬ አመሻሹ ላይ የመጨረሻዋን ገጠመች።
ድንጋዩ ድንጋይ ሆነ። አነሳችው፤
ቀለላት፤ ደነገጠች።
ውስጡ ክፍት ነው።
ሁሉም ተገኝቷል፣ ከተፈለገው በቀር፣
ለዚያ ሁሉ ምት ምክንያት ከነበር።
ይዞት ሄዷል፣
ሥጋ ሊቆርጥበት፣ ቅልጥም ሊፈልጥበት፣
ወይ ጥርስ ለሌላት አንዲት አሮጊት ሊከትፍላት።
ለእኛ የቀረን ከጭኑ ላይ ያራገፈው ነው።

ግራ አውራ ጣቷን በባዶው ሰደደች፤
ልክ ገባ።
መብራቱን ሳታጠፋ ትንሽ ቆየች።

ከደጅ ዘበኛው ኤካይ ፍየል ይገፋል፤
ክቡ ቢላ እንደ አምባር ካንጓው ላይ ያበራል።
"ጨረስሽ?" አላት፣ ብቅ ብሎ።
"ጨረስኩ። ቢላው ብቻ ጎደለ።"
"ቢላማ ከባለቤቱ ጋር ነው የሚሄደው" አለ፤
ክንዱን አየት አድርጎ
ወደ ፍየሉ ተመለሰ።