መጀመሪያ ነፋስ

ጅማ ዝናብ ሲያድርባት፣ አዌቱ ደፍርሶ ሲነጋ፣
ቦይለር ቤት ቀድመው ተገኙ ራውዳና አባ ዲጋ።
የጋዙን ቧንቧ መጋጠሚያ ሳሙና ቀባችው ዙሪያውን፤
ባትሪ አብርታ፣ አፍጥጣ አየች አረፋውን።
«ተነፋ?»
«አልተነፋም።»
«እንግዲያው ነፋሱ ይቅደም፤ መዘግየት አይከፋም።»

አንድ ቅንድብ የላቸውም፤ ወጣት ሳሉ፣ ቸኩለው
ላልተናፈሰ ምድጃ ክብሪት የሰጡ ዕለት ነው።

ማራገቢያው አጓራ። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፤
የአዳሩ ጋዝ ወጥቶ ሲያልቅ ማቀጣጠያውን ነካች።
ቧ!
በመስታወቷ ቀዳዳ ቢጫ ምላስ ተወዛወዘ፤
«አየር ጠምቶታል» አሉ። ብሎኑ ሩብ ዙር ታዘዘ።
በዛ፤ እሳቱ ከአፉ ሊነቀል ተንጠራራ፤
ፀጉር ታህል መለሰችው፣
ሰማያዊ ሆኖ በራ።

ከላይ የአራሶች አንሶላዎች ‹ሙቅ ውኃ› ይላሉ፤
ከታች አባ ዲጋ ዝም ብለው
ባዶ ቅንድባቸውን ያሻሉ።