እስኪ ዝለይ

ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ይደልቃል፣
ከሰቃ አንድ ባጃጅ ጭቃ ለብሶ ይዘልቃል።
አባ ዲጋ ገባ ዘበኛውን አልፎ፣
የአምስት ዓመት ልጁን በፎጣ ታቅፎ።
«ሆዷን ነው» ይለኛል፣ «ከትናንት ጀምሮ፣
ገና ሳይጮህ ነው የመጀመሪያው ዶሮ።
ቅደዱና አውጡት፤ ጊደሬን ሸጫለሁ፤
ብሩም ይኸውና፣ በጨርቅ ቋጥሬያለሁ።»

ከእምብርቷ በስተቀኝ ዳሰስኳት ወደ ታች፤
«ቀስ» አለች እንጂ እጄን አልመታች።
«ሪሃና፣ እስኪ ዝለይ» አልኳት። አባቷን አይታ፣
አንዴ ብቻ ዘላ፣ ቆመች አመንትታ።
የደሟም ወረቀት አብሯት ያመነታል፤
ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ በምን ይፈታል?

መምህሬ ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፣
«ከተጠራጠርሽ ክፈቺ፤ ሆድ አይዋሽምና።»
ከፈትኩም። ባለፈው ጥር፣ የአንድ አጋሮ ልጅ ሆድ፤
ትርፍ አንጀቱ ጤነኛ፣ ለስላሳ ሐር ገመድ።
ጠባሳው ቀረበት፣ የኔን ጣት ያክላል፤
የእናቱ ምስጋና ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል።
ደግሞም ጠብቄ አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራውም፤
ፈንድቶ ነበረ፤ ያን ሌሊት አልረሳውም።

በስልኬ፣ ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ሳለ፣
አዲሱ ጥናት ተከፈተ፣ ቀስ እያለ፦
«አልትራሳውንድ በፊት፣ ጨረሩ ይቆይ፤
ካልለየ፣ ስድስት ሰዓት ጠብቀህ ዳግም እይ።»
ሺህ ስድስት መቶ ልጅ ቆጥረዋል በሙሉ፤
ስንቱ ይሆን በባጃጅ የመጣው ከሁሉ?
ስንቱስ ነው ሆዱ ውስጥ ወስፋት ያደረበት፣
ሊያዩት ሲሉ ደግሞ መብራት የጠፋበት?

ጀነሬተር ሲያስል ደቻሳ ተጠራ፤
ጄሉን በመዳፉ አሙቆ ጀመረ ሥራ።
ግራጫ ጭጋግ ነው፤ እጢዎች ይታያሉ፤
ትርፍ አንጀቷን ግን ጋዝና ጥላ ይጋርዳሉ።
«አላየሁትም» አለ። ይህም መልስ ነው ለካ።
ቢላውን ከነማሸጊያው፣ ከቶ ሳልነካ፣
አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቤ አደርኩ፤
በየሰዓቱ ሆዷን በእጄ ዳሰስኩ።
አባቷ ግን እኔን ነበር የሚዳስስ በዓይኑ፤
«ብሩ አነሰ እንዴ?» አለኝ፣ ሲነጋጋ ቀኑ።

ንጋት ላይ ወረደች። ሳላዛት ዘለለች፣
ከነጩ ሸክላ ወደ ሰማያዊው፤ ደገመች።
ዳቦ አለኝ ወይ ብላ ኪሴን በረበረች።
መዝገቤን ገልጬ ጻፍኩ፦ «ከሰቃ፣ ሴት፣ አምስት ዓመት፣
አልተቀደደችም» — ለሚመጣው ጥናት።

አባ ዲጋ ጨርቁን እንደቋጠረ፣
«ታዲያ ምን አደረጋችሁላት?» ብሎኝ ነበረ።

«ጠበቅናት» አልኩት።