ሴራ ስጎነጉን

እናቴ ደወለች፤ «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ብላ ብትጠይቀኝ፣
«ሴራ ስጎነጉን» አልኳት ሳላስበው፣ ምላሴ አዳልጦኝ።
ዝም አለች። ቆየችና፣
«በሠርግ ዋዜማ? በማን ላይ ነው ልጄ?» ብላ ገሠጸችኝ።

«በማንም አይደለም፤ የፊልም ሴራ ነው፤
ማን ከማን ተጋጨ፣ ማን ማንን አፈቀረ፣ ፍጻሜው ምንድን ነው፤
ለቴል አቪቭ ሰው ነው፣ ሳቅና ፍቅር ያለው፣ ክፍያው ደኅና ነው።»
አላመነችኝም።
እሷ የምታውቀው ሴራ ትዳር አፍራሽ ነው፤
የኔ ደግሞ ሥራው ትዳር ማብዛት ነው።

ሚጽፔ ራሞን ነኝ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ በሆቴል መኝታ፤
ግድግዳዬ ሞልቷል በቢጫ ወረቀት፣ በስምና ቦታ፤
ስድስት ጥንድ አለኝ፣ አንድ የጋራ ድግስ፣ ሦስት ቀን፣ ሦስት ማታ።
ደንቡን ተምሬዋለሁ፦
መጀመሪያ ሁሉም ከሩቅ ይመጣሉ፣ ሻንጣ ይቀያየራል፤
ቀጥሎ በስሕተት፣ የተኳረፈ ሰው ካንድ ክፍል ያድራል፤
ወደ መጨረሻው ነገሩ ይከርራል፣ ይጦዛል፣ ይጦዛል፣
ሑፓው ሥር ሲደርሱ አንዱ ይጠፋና አንዱ ይናዘዛል።

የአክስቴ ልጅ ሺራን ነገ ታገባለች፤ እኔም ሌባ ሆኜ፣
ዘመዴን ለጠፍኩት ስሙን ቀያይሬ፣ በዝምታው ታምኜ።
የሙሽራውን፣ የአቪያድን፣ የቀድሞ ወዳጅ ከሃይፋ አስመጣሁ፤
ቄሱንና ራቢውን፣ በቡራኬው ተራ፣ ሊጣሉ አዘጋጀሁ፤
አጎቴን ታሰውን፣ የቀድሞ ሚስቱን፣ እትዬ ባየችን፣
ካንድ ገበታ ላይ፣ ፊት ለፊት ሰካኋቸው፣ በመርፌ ሁለቱን።
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ገዴራ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ሱቅ ሲገዙ፣
ስሙን አልጠራችም፤ «ያ ሰውዬ» ነበር፣ ሰዎች ነገር ሲመዙ።

ሲነጋ ግን ደንቡን ማን ነግሯቸው!
የድሮዋ ወዳጅ ሦስት ልጅ አስከትላ፣ ባሏን አሸክማ፣
ሙሽራዋን አቅፋ ስታለቅስ ዋለች፣ ከእናቷ ቀድማ።
ቄሱና ራቢው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጉልበት እያሹ፣
ስለ ሪህ መድኃኒት ወግ ይዘው አመሹ።
ግጭቴ ከሰረ። ጡዘቴ ላላብኝ።

ያኔ ነው የበረሃ ዋሊያዎች፣
በዚህ ከተማ ውስጥ፣ እንደ ባለርስት፣ አስፋልት የሚያቋርጡ፣
ቀንዳቸው ቆልማማ፣ ጢማቸው የረዘመ፣ ሳይጠሩ የመጡ፣
የሑፓውን አበባ፣ ነጭ ነጩን መርጠው፣ እንደ ሰላጣ ዋጡ።
ታሰው ተከተለ፣ ሰባ ዓመት ሲሆነው፣ ዣንጥላ ነቅንቆ፤
ከፊቱ ገደል ነው፣ ምድር የሚያበቃበት፣ ሰማይ ብቻ ወድቆ።
ሁሉም ሲስቅ ነበር።

«ታሰው!»
አለ አንድ ድምፅ።
«ታሰው፣ ገደሉ! ታሰው!»

ሙዚቃው ቀጥ አለ። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ዞር ብሎ ባየችን አያት፤
እጇን አፏ ላይ ጭና፣
ያመለጣትን ስም መልሳ ልትውጠው።

ከግድግዳዬ ላይ ይህች ወረቀት የለችም።
አልተሳሳሙም። አልታረቁም።
በየገበታቸው ተቀመጡ። እሱ ብቻ፣ ጫማውን እያየ፣
አንድ ብርጭቆ ውኃ በሕፃን ላከላት፤ እስክትጠጣው ቆየ።

ማታ፣ አውቶቡሱ በር፣ «ሴራሽ ከምን ደረሰ?» አለችኝ እናቴ።
«ከሸፈ» አልኳት።
«ተመስገን!» አለችኝ፤ ወደ መብራቱ ተጠግታ፣
በራሷ እጅ ጽሑፍ የወንበር ዝርዝሩን አነበበች፣ ጮክ ብላ ጠርታ፦
አሥራ አንድ፣ ታሰው።
አሥራ ሁለት፣ ባየች።
በሁለቱ መካከል፣ አስባበት ይሁን ወይስ ፈርታ፣
አንድ ፌስታል ብርቱካን አስቀምጣለች።