ለጥቂት

ቶሌዶ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ ከመስታወት ፋብሪካው ጎን፣
አንድ ምድር ቤት ነበረ፤ መስኮት የሌለው፣ የማይነጋበት ቀን።
ስድስት የከረንቡላ ጠረጴዛ፣ በየራሳቸው መብራት፣
ከግድግዳው የቆመ ሰዓት።

ኦርቪል ፕሩት ነበር ስሙ። ሳሉ ከሩቅ ይሰማል።
ሰማያዊ ጠመኔ ጣቱ ውስጥ ሰርጎ ይኖራል።
እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ኳስ ስመታ መብረቅ ነኝ ባይ።
አንድ ማታ አየኝና «ትችላለህ» አለ፤ «እሱ ነው ያንተ ስቃይ።
ከሚችል ጋር ማን ይጋጠማል? ማንስ ገንዘቡን ያስይዛል?
መሳት ተማር መጀመሪያ። ማስገባቱን ማንም ያስገባል።»

ክረምቱን ሙሉ መሳት አስተማረኝ።
በረዶው ደረጃውን ሲደፍን እሱ ከታች ሲያርመኝ፦
«አይ፣ ያስታውቃል። ክንድህ ዋሸ፣ ተንቀጠቀጠ።
ኳሷ የቀዳዳውን ከንፈር ስማ ትመለስ።
ለጥቂት።
ያን ያየ ሰው ያዝንልሃል። ያዘነ ሰው ደግሞ እጥፍ ያስይዛል።»

ዴይተን፣ ፎርት ዌይን፣ ሊማ፤ በአሮጌ ቢዩክ ዞርን።
ሁለቱን በሃምሳ ተሸንፈን፣ ሦስተኛውን በአራት መቶ በላን።
ከመቶው ስልሳው የእሱ፤ «ጎማ ይበላል፣ ቤንዚን ይጠጣል» ይላል።
ሰሙን እኔ አቀልጣለሁ፤ ወርቁ እሱ ኪስ ያድራል።

ሳንደስኪ ላይ አንድ የጀልባ መካኒክ፣ የደሞዙን ፖስታ አስይዞ፣
ሲከፍለኝ እጁን አየሁት፤ አውራ ጣቱ በጨርቅ ተይዞ።
መንገዱን ሁሉ ዝም አልኩ። ኦርቪልም ዝም ብሎ ነዳ።
ከቤታችን ስንደርስ ብቻ፦ «ወዶ ነው። ወዶ የገባበት ዕዳ።»

በመጋቢት «ከእንግዲህ ለራሴ ነኝ» አልኩት።
ጃኬቱን ሰቀለ፤ «እንግዲያው ግጠመኝ» አለኝ፣ ገጠምኩት።
እስከ ንጋት፣ አሥር ለአሥር። በመጨረሻ
ጥቁሯ ስምንት ቁጥር ብቻ፣ ከማዕዘኑ አፍ፣ የእሱ ድርሻ።
ሕፃን የማይስታት ኳስ።
ሳለ። ጠበቀ። ሁለቴ ለካ። መታ።
ከንፈሩን ሳመች፣ ዞረች፣
ተመለሰች።

ክንዱን አየሁ፤ አልተንቀጠቀጠም።
ዓይኑን አየሁ፤ ምንም አይልም።

አስገባኋት።
ዘንጉን ፈትቶ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛው፤
ደረጃውን ሲወጣ ሳሉ ቀድሞት ወጣ።
በበነጋው ቢዩኩ የለም።

አሁን ምድር ቤቱ የጎማ መጋዘን ነው፤ ኦርቪልም ከሞተ ቆየ።
ሰው ሲጠይቀኝ «አሸነፍኩት» እላለሁ፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ ጮክ ብዬ።
መብራት ሳጠፋ ግን ያቺ ኳስ ትዞራለች፣
ሁለት ቃል ይዤ እጠብቃታለሁ፦

ሳተ።
ሳተልኝ።