የሰው ከሰል አያሞቅ

ከሌሊቱ አምስት ተኩል፣ ከቅርያት መላኪ ዳር፣
ነፍሳት ይጨፍራሉ ከማደያው መብራት ሥር፤
እኩለ ሌሊት ሲሞላ ቀረጡ ይጨምራል፣
ሰልፉ አደባባዩን ዞሮ ጅራቱ ይታጠፋል።
እኔም ከነሚኒባሴ እጠብቃለሁ ተራዬን፣
ሃያ ሼቄል ላድን፣ ልከስር እንቅልፌን።
ከፊቴ ያለው ጎረምሳ ጄሪካን ደርድሯል፤
ናፍጣ ነገ የሚነጥፍ፣ ዓለም የሚያልፍ መስሎታል።
ከኋላዬ ፕሮስፔር፣ አትክልት ጫኙ፣ አንገቱን አስግጎ
ይረግማል ሚኒስትሩን በሦስት ቋንቋ አድርጎ።

ሬዲዮው ያወራል፤ ባለሙያ ነው አሉ፣
የተላጨ ድምፁ፣ የተወለወለ ቃሉ፦
«ነዳጁ ሲወደድ ፍጆታው ይቀንሳል፣
ፀሐዩ ይለመዳል፣ አገር ራሱን ይችላል፤
የባሕር ማዶ መርከብ ደጅ መጥናት ይቀራል።»

እውነቱን ይሆናል። ግን ነገ ሊነጋጋ፣
እሱ ሲገላበጥ ከሞቀው አልጋ፣
ትብለጥ ትወጣለች፣ ክሎሪን የላጠው እጇን በኪስ ከታ፣
ዋጋዬ ትወጣለች፣ ዳቦዋን በላስቲክ ቋጥራ፣ አንገቷን ደፍታ፤
ሌሎቹም፤ ዐሥራ አንድ ናቸው።
አሽዶድ ወደብ አጠገብ መጋዘን ያጥባሉ፤
አውቶቡስ በዚያ ሰዓት? «አርፏል» ነው የሚባሉ።
አንድ ሼቄል ልጨምርባቸው? ወይስ ልቻለው?
ለእኔ አንድ ሼቄል ነው፤ ለዋጋዬ ዳቦ ነው።

ነዳጅ ይሉታል፤ ነዳጁ ማን ይሆን?
እሱ ዋጋው ሲወጣ፣ የምነደው እኔ ስሆን።

ብቻ አንድ ነገር አለ፣ ለፕሮስፔር ያልነገርኩት፣
ሚኒስትሩን አብረን ስንረግም ከምላሴ የመለስኩት።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር።
ወናፉ የራሱ፣ መዶሻው የራሱ፣
ብረት እንደ ሊጥ የሚያለፋ ክንዱም የራሱ፤
ደኑ ግን የሰው ነበር።
ርስት አልነበረንም። ባለደኑ ጌታ
ሲሻው ለከሰል አንድ ጉቶ ይፈቅዳል፣ ሲሻው ደግሞ ማታ
ልኮ ያስነግረናል፦ «ከዛሬ ወዲያ እጥፍ ነው።»
አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ምድጃችን ጠፋ።
ማረሻ ሊያስመታ የመጣ ገበሬ ደጃችን ቆሞ፣ ቆሞ፣ ሄደ።
አባቴ መዳፉን ከአመዱ ላይ ዘረጋ፣
የቀረ ትኩሳት እንዳለ ሊያይ፦
«የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ» አለ፤
«የሰው ከሰልም አያሞቅ።»

ታዲያ ሬዲዮው ያለው የአባቴ ቃል አይደል?
ነው። ግን አባቴ ደን የሌለው ሰው ነበር፤
እኔ ደግሞ ጣሪያ የለኝም።
ልጄ ሊአት ትላለች፣ «አባ፣ ሰሌዳ እንትከል፣
ውሃችንን ስንት ዓመት ፀሐይ በነፃ ሲያፈላ ለመብራቱስ ማን ይከልክል?»
ማንም አይከለክል። ጣሪያው የዐሥራ ስድስት ቤተሰብ ነው፤
ኮሚቴው ሁለት ዓመት ተሰብስቦ
የደረጃውን አምፖል እንኳ ገና አልተካውም።

ቀረጡ ጣሪያዬ ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ይውሰዱ፣ ልክፈለው፤
እንዲሁ ሰምጦ የሚቀር ከሆነ ግን
ያው ባለደኑ ጌታ ነው፣ ስሙን የቀየረው።

ተራዬ ደረሰ፤ ለስድስት አራት ጉዳይ።
ቀዳሁ። ሃያዋን ሼቄል አዳንኩ። ከዚያ በላይ
ምንም አልገባኝም።

ንጋት ላይ ስለ ዋጋ ትንፍሽ አላልኩም።
አሽዶድ ስንደርስ ትብለጥ ከወትሮው ሒሳብ ላይ
አንድ ሼቄል ጨምራ ከዳሽቦርዱ አኖረች።
«ሬዲዮ እኔም ቤት አለ» አለች፣
ወረደች።

ልመልሳት አልደፈርኩ፣ ኪሴም አልከተትኳት፤
ከመስተዋቱ ሥር ተኝታ ቀኑ ወጣባት።
እኩለ ቀን ላይ፣ ባዶ መኪና ውስጥ፣ ላነሳት ስል
ጣቴን ፈጀችኝ።